«ይዳንና ይሠራል» ወይስ «እየሠራ ይድናል»?

በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ቤተሰቦች በቀጠሮ ቀን ደጋግመው ይጠይቁኝ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ «ሲስተር፣ መቼ ነው ድኖ ሥራ የሚጀምረው?» ጥያቄው ፍቅርም ድካምም አለበት። እናት ልጇ እንደ እኩዮቹ ወጥቶ ሲገባ ማየት ትፈልጋለች። በዚያው ልክ ደግሞ ሥራ ያስጨንቀዋል፣ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ «ለጊዜው ይረፍ» ይባልና ይቀመጣል። ወሩ ዓመት ይሆናል፣ ዓመቱ አምስት ይሆናል። ሕመሙ በመድኃኒት ረገብ ብሎ ሳለ ሰውየው ግን ከአልጋው ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ አልጋው ሲመላለስ ዕድሜው ያልፋል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጎረቤትም ዘመድም ይህንኑ ይጠይቀኛል። ዛሬ ጥያቄውን ገልበጥ አድርገን እንድናየው እፈልጋለሁ። ሥራ ሰው ከዳነ በኋላ የሚሰጠው ሽልማት ነው ወይስ እንዲድን የሚረዳው የሕክምናው አካል? በሥራ ዘመኔ ያየሁትም፣ በሌላው ዓለምና በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩትም ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ሥራ የሚታጣባቸው ሦስት በሮች

ከባድ የአእምሮ ሕመም የምንለው በዋናነት ሦስቱን ነው። አንደኛው ስኪዞፍሬንያ ነው። ታማሚው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎች ሊያጠቁኝ ይከታተሉኛል ብሎ ያምናል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ከሰው ይርቃል። ሁለተኛው ባይፖላር የሚባለው ነው። አንድ ሰሞን እንቅልፍ ሳይተኛ ኃይሉ ይበዛል፣ ያለማቋረጥ ያወራል፣ ገንዘቡን ይበትናል፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ሦስተኛው ከባድ ድብርት ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ሰው ትምህርቱን በሚጨርስበት፣ ሙያ በሚይዝበትና ትዳር በሚያስብበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጤናን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተጀመረ የሥራ ሕይወትንም ይዘው ይሄዳሉ።

ሥራው የሚታጣው በሦስት በር ነው። የመጀመሪያው በር ሕመሙ ራሱ ነው። ድምፁና ጥርጣሬው ከቀነሰ በኋላም ሐሳብን መሰብሰብ፣ የታዘዙትን ማስታወስ፣ ጠዋት ተነስቶ መውጣት ይከብዳል። ቤተሰብ ይህን «ስንፍና» ይለዋል። ስንፍና አይደለም፣ የሕመሙ አካል ነው። ብዙ ጊዜ ሰውን ከሥራ የሚያስቀረው ከድምፁ ይልቅ ይኸው ነው።

ሁለተኛው በር መድኃኒቱ ነው። ክሎርፕሮማዚን እንቅልፍ ያበዛል። ሃሎፐሪዶልና በየወሩ የሚወጋው መርፌ እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ ሰውነትን ሊያደርቁ፣ አንዳንዱንም አንድ ቦታ መቀመጥ እስኪያቅተው እረፍት ሊነሱት ይችላሉ። ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ እንጀራ በቁጥር በሚበላበት ቤት ደግሞ የሚጨምር ርሃብ ቀላል ጣጣ አይደለም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ይቸግረዋል። ደስ የሚለው ግን እነዚህ አብዛኞቹ የሚስተካከሉ መሆናቸው ነው። መጠኑን መቀነስ፣ እንቅልፍ የሚያመጣውን ማታ እንዲወሰድ ማድረግ፣ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን «እጄ ተንቀጥቅጦ መሥራት አቃተኝ» ተብሎ ሲነገር ነው። በገዛ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሥራውንም ጤናውንም አንድ ላይ ያሳጣል።

ሦስተኛው በር እኛ ነን። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። አሠሪው ይህን ተረት ይዞ በሩን ይዘጋል። ቤተሰብ ይህንኑ ይዞ የልብስ ስፌት መኪናውን ይሸጣል፣ መሬቱን ለእኩል ያራሽ ይሰጣል። ታማሚውም እየሰማው ስላደገ በራሱ ላይ ይፈርድበታል። መድኃኒት ይህን ሦስተኛውን በር አይከፍትም።

«አሠልጥነህ አስገባ» ወይስ «አስገብተህ አሠልጥን»?

ለረጅም ጊዜ በብዙ አገሮች የተለመደው አካሄድ ታማሚውን መጀመሪያ ማዘጋጀት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ወይም በልዩ ማዕከል ቅርጫት ይሠራል፣ ስፌት ይማራል፣ ሰዓት ማክበር ይለማመዳል፤ «ብቁ ሆኗል» ሲባል ወደ ገበያ ይወጣል። ችግሩ ያ ቀን ብዙ ጊዜ አለመምጣቱ ነው። ሰዎች በልምምዱ ላይ ይቀራሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ያቋርጣሉ። በማዕከሉ የተማሩት ደግሞ እውነተኛው የሥራ ቦታ ከሚጠይቀው ጋር አይገጥምም።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሮበርት ድሬክና ዴቦራ ቤከር የተባሉ ባለሙያዎች ነገሩን ገለበጡት። ታማሚው «መሥራት እፈልጋለሁ» ካለ በቂ ነው አሉ። በቀጥታ ማንኛውም ሰው በሚሠራበት፣ በተለመደው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ይፈለግለት፤ ሥልጠናውና እገዛው እዚያው ሥራው ላይ እያለ ይሰጠው። በአማርኛ ግለሰብ ተኮር የሥራ ምደባና ድጋፍ ልንለው እንችላለን።

አሠራሩ ቀላል ደንቦች አሉት። የሕመሙ ስም ወይም ሆስፒታል የተኛበት ብዛት ሰውን ከዕድሉ አያስወጣውም። ሥራው የሚመረጠው በታማሚው ፍላጎት ነው። ፍለጋው ቶሎ ይጀመራል እንጂ ወራት በሚፈጅ ምዘና አይዘገይም። አንድ የሥራ አጋዥ ባለሙያ ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋር በአንድ ቡድን ይሠራል፤ ከ20 ከሚበልጡ ሰዎች በላይ ኃላፊነት አይወስድም። አሠሪዎችን ዞሮ ያነጋግራል። ሰውየው ሥራ ከጀመረ በኋላም አይለየውም።

ይህ አሠራር በለንደን፣ በጀርመን ኡልም፣ በጣልያን ሪሚኒ፣ በዙሪክ፣ በሆላንድ ግሮኒንገንና በቡልጋሪያ ሶፊያ በ312 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ተሳታፊዎቹ ለ18 ወራት ነው ክትትል የተደረገላቸው። በአዲሱ መንገድ ከተረዱት ከ100ው 55ቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ አግኝተው ሲሠሩ በተለመደው የሥልጠና መንገድ ካለፉት ግን 28ቱ ብቻ ነበሩ። ቤተሰብን የሚያስፈራው ጥያቄም መልስ አግኝቷል። ሥራ ያገረሽበታል የሚለው ፍርሃት ትክክል ቢሆን ኖሮ በቶሎ ሥራ የገቡት በብዛት ሆስፒታል ይመለሱ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በአዲሱ መንገድ ከተረዱት ከ100ው 20 ያህሉ፣ በሥልጠናው መንገድ ካለፉት ደግሞ 31 ያህሉ ነበሩ ተመልሰው የተኙት።

እኛ አገር እንዴት ይሆናል?

«ይህ የፈረንጅ አገር ነው፤ እኛ ጋ ለጤነኛውስ ሥራ የት አለ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ብዙው ሰው የሚኖረው በወር ደመወዝ ሳይሆን በእርሻ፣ በጉልት፣ በቀን ሥራ፣ በቤተሰብ ሱቅ ነው። የሥራ አጋዥ ባለሙያም በጤና ጣቢያዎቻችን የለም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልንወስደው የምንችለው ፍሬ ነገር አለ።

በቡታጅራና አካባቢው ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደውን ትልቅ ጥናት በሙያው ያለን ሰዎች ሁሉ እናስታውሰዋለን። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። ጥናቱ ካሳየን ነገር አንዱ ታማሚዎቹ በገጠሩ መካከል፣ በየቤቱ ያሉ መሆናቸውና አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። እዚያው ጎረቤት በሶዶ ወረዳ ደግሞ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ግማሾቹ በጤና ጣቢያ መድኃኒትና ክትትል ብቻ ሲያገኙ ሌሎቹ በተጨማሪ ከማኅበረሰቡ የተመለመሉና የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ረዷቸው። ስለ ሕመሙ ለቤተሰብ ያስረዳሉ፣ መድኃኒቱን ያስታውሳሉ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ያግዛሉ፣ የእድርና የሃይማኖት አባቶችን ያነጋግራሉ። ከ12 ወር በኋላ ቤት ለቤት የተረዱት የዕለት ኑሯቸውን በማከናወን ረገድ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ሐኪም ያልሆነ ግን የሠለጠነና በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው ይህን ያህል ለውጥ ማምጣት ከቻለ በየቤታችን የምናባክነው ዕድል ትልቅ ነው።

እኔ በሠራሁበት ክሊኒክም የሥራ አጋዥ ባለሙያ አልነበረም። ቦታውን ይይዝ የነበረው አንዳንዴ ታላቅ ወንድም፣ አንዳንዴ የእድር ዳኛ፣ አንዳንዴ የቀድሞ አሠሪ ነበር። ያየኋቸውን ጥቂት ሰዎች ታሪክ፣ ማንነታቸውን ሳልጠቅስ ላካፍላችሁ።

ከእኩለ ቀን በፊት ያለው ሥራ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ቤተሰቡ የስፌት መኪናውን ለሕክምናው ሸጦታል። ታላቅ ወንድሙ ወደ ቀድሞ ጌታው ሄዶ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ» ብሎ ለመነለት። ሰውየው ሙሉ ልብስ አልሰጡትም። ዚፕ መቀየር፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ ቁልፍ መትከል ሰጡት፤ በቁጥር ይከፍሉት ነበር። እኛ ደግሞ የእጁን መንቀጥቀጥ ለማስታገስ መድኃኒቱ እንዲስተካከል አደረግን። ወራት አልፈው ሸሚዝ መስፋት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት እንደገና ታሞ 5 ሳምንት ቀረ። ጌታው ወንበሩን ለሌላ አልሰጡበትም፣ ተመልሶ ተቀመጠበት። ተረታችን እንደሚለው ጭምቱ እስከ እኩለ ቀን ቢሆን እንኳ የግማሽ ቀን ሥራ ይሠራበታል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ?

ሌላው በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት ነበር። አባቱ «ሱቅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቀላል ሥራ ነው» አሉ። ለእሱ ግን ቀላል አልነበረም። የገዢው ዓይን ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለው ስለነበር በሁለት ሳምንት ጥሎት ወጣ፤ ቤተሰቡም «ሥራ አይወድም» ብሎ ደመደመ። እሱ የሚፈልገው ቁጥር ነበር። በመጀመሪያ የእድሩን መዝገብ እንዲያጠራ ተሰጠው፤ ኋላ አንድ ወፍጮ ቤት የዕለት ገቢና ወጪውን በክፍያ እንዲይዝለት ቀጠረው። ከሰው ጋር ሳይሆን ከደብተር ጋር ስለሚውል ተረጋጋ። ቀላል ሥራ ማለት ለእኛ ቀላል የመሰለን ሳይሆን ለሰውየው የሚስማማው ነው።

ሦስተኛው ባይፖላር ያለበት ሰው ሲሆን ዘመድ በደግነት የሌሊት ዘበኝነት አስገባው። በሰፈራችን ለታመመ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ሥራ ይህ ነው፤ «ቁጭ ብሎ ማደር ነው» ይባላል። ለዚህ ሕመም ግን ከዚህ የከፋ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። እንቅልፍ ማጣት በራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ላለመተኛት የሚቃመው ጫት ደግሞ ያባብሰዋል። በሁለተኛው ወር ታመመ። ሲሻለው ግን «ሥራ አይስማማውም» ተብሎ ቤት አልተቀመጠም። ቀን ቀን የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውኃ ማጠጣትና አፈር መሙላት ተገኘለት፤ ሌሊቱን ይተኛል። የማይስማማው ሥራ ሳይሆን ሌሊቱ ነበር።

አራተኛዋ ለጎረቤት እንጀራ ትጋግር የነበረች ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ ትውልና ምሳዋን በልታ ትሄዳለች። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ «መዋያ ይሆናታል» ብለው ነው። ግን ያው እንጀራ ከሌላ ጋጋሪ ሲገዛ ዋጋ ይከፈልበታል። የእድሯ ሴቶች ሰብሰብ ብለው በአንድ እንጀራ ሒሳብ እንዲከፈላት አደረጉ። የመጀመሪያ ገንዘቧን በእጇ ስትይዝ ያሳየችው ለውጥ በመርፌ አይመጣም። የአእምሮ ሕሙማን ሥራ «መዋያ» ብቻ ከሆነ እርዳታ አይባልም፣ ብዝበዛ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ጠይቁት። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ? በፊት ምን ያስደስትህ ነበር?» በሉት። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ በሌላ ቀን ድገሙት። «መሥራት እፈልጋለሁ» ካለ ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አትጠብቁ። ድምፅ እየሰሙ በሥራቸው የሚቆዩ ሰዎችን አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። በቀን 2 ወይም 3 ሰዓት፣ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ሥራው ግልጽ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ይሁን፤ ትእዛዙም አንድ በአንድ ይነገረው። ሰዓቱ የሚጨመረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እሱ ሲስማማ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከሕክምናው ጋር አስማሙ። ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ የሥራውን ዓይነትና ሰዓት ንገሩ። ጠዋት የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካለ ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ። መኪና የሚነዳ፣ ከፍታ ላይ የሚወጣ ወይም በማሽን የሚሠራ ከሆነ የግድ መነገር አለበት። ሊትየም የሚወስድ ሰው በፀሐይ ብዙ የሚያልበው ሥራ ላይ ከዋለ ውኃ ማዘውተር አለበት፤ ሰውነቱ ሲደርቅ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይበዛና ይጎዳዋል። በጾም ወቅትም እንዲሁ፤ የጠዋት ኪኒን ከሚዘለል ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይሻላል። ጸበል የሚሄድ ካለም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ። የቀጠሮ ቀን ደግሞ ለአሠሪው አስቀድሞ ይነገር።

አራተኛ፣ ስለ ገንዘቡ ቀድማችሁ ተስማሙ። ደመወዙ የሠራተኛው ነው። «እኔ ልያዝልህ» ተብሎ ከተወሰደ ነገ የሚነሳበት ምክንያት አይኖረውም። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ሕመሙ ሲነሳ ገንዘቡን ሊበትን ስለሚችል ደህና በሆነበት ጊዜ ራሱ የሚያምነውን ሰው ይምረጥ፤ «እንዲህ ስሆን ከዚህ በላይ እንዳላወጣ ያዝልኝ» ብሎ ይስማማ። ትንሽ እቁብ መግባትም ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ከማጠራቀሙ በላይ በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር ያገናኛል።

አምስተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን እወቁ። በየሰው ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው እንቅልፍ ነው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ማደር። ከዚያ ብቻውን ማውራት፣ ምግብ መተው፣ ጓደኞቹን መጠራጠር፣ መድኃኒቱን «አያስፈልገኝም» ማለት ይከተላሉ። ምልክቱ ሲታይ ሥራውን ወዲያው ማስተው ሳይሆን ሰዓቱን መቀነስና በዚያው ሳምንት ወደ ክሊኒክ መሄድ ይሻላል። ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ ወይም ሰው ሊጎዳ ካሰበ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳትተዉ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ለአሠሪው ይነገር ወይስ አይነገር?

ይህን የሚወስነው ታማሚው እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። ከተነገረ የሕመሙን ስምና ታሪኩን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። «የማያቋርጥ መድኃኒት የምወስድበት ሕመም አለብኝ። ጠዋት ትንሽ እዘገያለሁ፣ በወር አንድ ቀን ቀጠሮ አለኝ። ሥራዬን ግን እሠራለሁ» ማለት ይበቃል። በሰፈር ሥራ ብዙ ጊዜ አሠሪው ታሪኩን አስቀድሞ ያውቃል፤ እዚያ መደበቅ ሳይሆን አንድ ሰው ዋስ ሆኖ «ችግር ሲኖር እኔን ጥሩኝ» ማለቱ በር ይከፍታል።

ለአሠሪዎችም የምለው አለኝ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው የሚለው ስህተት ነው። በሕክምና ክትትል ላይ ያሉ አብዛኞቹ ሰዎች ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም የሚደበደቡትና የሚዘረፉት እነሱ ናቸው። ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። የማይጮህ አለቃ፣ አንድ በአንድ የሚነገር ሥራ፣ ጸጥ ያለ ጥግ፣ አጭር እረፍት፣ የቀጠሮ ቀን ፈቃድ። ሌሎች ሠራተኞች በስድብ ስም እንዳይጠሩት መከልከል ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ሕጉም ከዚህ አይለይም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በትርጉሙ ውስጥ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። በጉዳት ምክንያት ብቻ ሰውን ከሥራ መከልከል አድልዎ ነው ይላል፤ አሠሪውም የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው፤ ከሌላው ተለይቶ አይታይም። ይህን መብት ለማግኘት ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፣ አሠሪውም በቶሎ ማወቅ አለበት። ሠራተኛው ራሱ ታሞ ሳለ ወረቀት ይዞ መሮጥ ስለማይችል ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው። ስንት ሰው ሥራውን ያጣው በሕመሙ ሳይሆን «ሳያሳውቅ ቀርቷል» በሚል ነው! ጠፋ ተብሎ ስሙ ከመሰረዙ በፊት ወረቀቱ ይድረስ።

መሥራት ለማይችለውስ?

ሁሉም ይሠራል ማለቴ አይደለም። ሕክምናው በቂ ለውጥ ያላመጣላቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ያልሆነላቸው ሰዎች አሉ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልቻለ አንድ ሰው አስታውሳለሁ፤ ዛሬ በግቢው ዶሮ ይመግባል፣ እንቁላል ይሰበስባል። ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ጠዋት የሚያስነሳው ነገር አለው። ሰው የሚከበረው ስለሚሠራ ብቻ አይደለም። «እንደ እገሌ ሥራ ጀምር» ተብሎ መነዝነዙም ሌላ ሕመም ነው። በቤት ውስጥ ያለው ድርሻም ይቆጠርለት።

ድህነቱም አለ። የመድኃኒትና የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ ሥራ ስለ መፈለግ ማሰብ ይቸግረዋል። በአካባቢያችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካለ አባል ሁኑ። ቀበሌውና ወረዳው ሥራ ፈላጊዎችን ሲመዘግቡ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ሲመለምሉ የታመመውን ሰው ስም አትዝለሉት። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ተከልክሎ ሳይሆን ማንም ስላላስመዘገበው ነው። እድሮቻችንም ለቀብር ብቻ አይሁኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ በአንድ እድር ውስጥ ካሉት አባላት አንዱ ወፍጮ ቤት፣ አንዱ ዳቦ ቤት፣ አንዱ ጋራዥ አለው። ከእነሱ አንዱ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሰዓት ቢሰጥ ለብቻው የቆመ አንድ ቤተሰብ በዓመት የማይችለውን ይሠራል።

የሙያ ጓደኞቼንም ላስቸግር። በቀጠሮ ቀን ታማሚውን «ትተኛለህ? ትበላለህ? መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከዚያ ካርዱን ሞልተን ሌላ እንጠራለን። «ምን እየሠራህ ነው? ምንስ መሥራት ትፈልጋለህ?» የሚለው አራተኛ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያላችሁ አንባብያንም ባለሙያው እስኪጠይቅ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሰውየው መሥራት የሚፈልገውን፣ እንዳይሠራ የሚያስቸግረውን የመድኃኒት ጣጣ፣ በሰፈር ሊያሠራው የሚችለውን ሰው። ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁና ከዚያው ሳምንት ጀምሩ።